ከ«አፉ በለው» በፊት፦ ግንኙነትን መገንባትና መጠገን፣ ለወሎ መምህራንና ለቅሬ ሰዎች

ወሎ ውስጥ አስታራቂ አይጠፋም። በወረባቦና በቃሉ ወረዳዎች በኩል አበጋር፣ በቆቦ በኩል ዘወልድ የሚባሉ ባህላዊ አስታራቂዎች፣ በየሰፈሩ ቅሬ (እድር)፣ በየመንደሩም ቄስና ሸህ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሽምግልና አለ። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ነገሩ ገና ሳይዘረገፍ «በሉ አፉ ተባባሉ» (ይቅር ተባባሉ) ይባላል። የተበደለው የደረሰበትን በቅጡ ሳይናገር ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ይነሳል፤ በሳምንቱ ያው ጠብ በሌላ በር ይመጣል። ከዚህ በታች የተቀመጠው አሠራር ይህን ቅደም ተከተል የሚያስተካክል ነው፤ ክፍል ውስጥም፣ ሰፈር ውስጥም ይሠራል።

ተሃድሷዊ ፍትሕ ይሉታል፤ ያጠፋውንና የተጎዳውን አነጋግሮ በደሉን የሚጠግን ማለት ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ኤልማይራ በምትባል ከተማ በ1974 እ.ኤ.አ. ንብረት ያወደሙ ሁለት ወጣቶች የበደሏቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ዞረው እንዲያነጋግሩና እንዲክሱ ተደረገ። ኒውዚላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. የማኦሪዎችን ልማድ ተከትላ፣ ባጠፋ ልጅ ጉዳይ ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲመክር በሕግ ደነገገች። በአውስትራሊያ የዋጋ ዋጋ ከተማ ፖሊሶች ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ስብሰባ በወረቀት በተጻፉ ጥያቄዎች መምራት ጀመሩ። ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመን ይኸኛው ነው። ተቀምጦ መነጋገርን ከማንም መማር አያስፈልገንም፤ የጥያቄውን ተራ ግን ብንማር አይጎዳንም።

ጠብ ሳይኖር የሚሠራው

በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ከድካማቸው አምስት እጅ አራቱን ለመገንባት፣ አንዱን እጅ ብቻ ለመጠገን ያውሉታል። ዓመቱን ሙሉ ስማቸውን በማያውቃቸው ልጆች መካከል ተቀምጦ «ምን ተሰማህ?» ቢባል ተማሪው የሚመልሰው «ምንም» ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በመስከረም፣ ማንም ሳይጣላ ነው።

ዋናው መሣሪያ ክብ ሆኖ መቀመጥ ነው። ቁጥሩን አስቡበት። 15 ተማሪ እያንዳንዱ ለአንድ ደቂቃ ቢናገር፣ ሁለት ዙር ሲሆን 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለመክፈቻና ለመዝጊያ 10 ሲጨመር አንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ሁሉንም በአንድ ክብ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሃያኛው ልጅ ጋ ሳይደርስ ይሰለቻል፣ ከኋላ ወሬ ይጀመራል። በአራት ክፈሏቸውና በየሳምንቱ አንዱን ቡድን አስቀምጡ፤ ሌላው ክፍል በዚያ ጊዜ የጽሑፍ ሥራ ይሥራ። ከሦስት ወር በኋላ የሰለጠኑ ተማሪዎች ራሳቸው ክቡን ሊመሩ ይችላሉ።

ዴስኩ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥና ከባድ ከሆነ ከመታገል ውጭ መውጣት ይሻላል። የዛፍ ጥላ ካለ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ተጠቀሙበት፤ ቆላው ላይ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ተማሪው መሬት ከተቀመጠ መምህሩም መሬት ይቀመጥ። መምህሩ ወንበር ላይ ሆኖ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ከተቀመጡ ያ ክብ አይደለም፤ ሰልፍ በሌላ መልክ ነው።

ተራ የሚያዘዋውር አንድ ዕቃ ያስፈልጋል፤ የያዘው ይናገራል፣ ያልያዘው ይሰማል። የማይሰበር፣ በእጅ የሚገባ ይሁን፤ ትንሽ የስፌት ሙዳይ ጥሩ ነው። መስቀልም ሙስበሃም አይሁን፤ ከተቀመጡት ለግማሹ ባዕድ ይሆናል። ዱላ ደግሞ በፍጹም፤ ተማሪው በትምህርት ቤት ዱላን የሚያውቀው ለሌላ ነገር ነው። ዕቃው ሲደርሰው መናገር ያልፈለገ «ልለፍ» ብሎ ያሳልፋል። ይህ መብት መጀመሪያ ላይ ግማሹን ክብ ዝም ያሰኝ ይሆናል፤ ግን አትንኩት። በሦስተኛው ሳምንት «ልለፍ» ያሉት ራሳቸው መናገር ሲጀምሩ ታያላችሁ፤ ያስገደዳችኋቸው ግን እስከ ሰኔ ይዋሻሉ።

መክፈቻው ምርቃት ይሁን፤ አጭር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን የሚለው፦ «ሰላም ያውለን፣ ክፉ አያሰማን።» ከዚያ ጥያቄ። በመጀመሪያው ወር ቀላል ቀላሉን ጠይቁ፦ ጠዋት ሲመጣ ደስ ያለው ነገር፣ ከቤት የለመደው ሥራ፣ ከአያቱ የሰማው ተረት። ቀጥሎ ወደ ግንኙነት ግቡ፦ «ሲከፋህ ጓደኛህ ምን ቢያደርግልህ ይቀልሃል?» «በዚህ ክፍል ምን ስንባባል ያምሃል?» ጦርነቱ በ2013 ማብቂያና በ2014 በደረሰባቸው እንደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ባሉ ከተሞች «ቤታችሁ ምን ደረሰ?» የሚል ጥያቄ ክብ ውስጥ አይጠየቅም። ልጁ የሞተበትን በአሥራ አምስት ሰው ፊት ሲዘረግፍ የሚይዘው ባለሙያ አጠገቡ የለም። ራሱ ካነሳው ግን ሰምታችሁ አመስግኑት፤ ለብቻው አግኙት፤ ከቤተሰቡና ከጤና ጣቢያ ጋርም አገናኙት።

ክብን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መምህሩ ራሱ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሲናገር «ጎበዝ»፣ «እሱስ ልክ አይደለም» እያለ ከመለሰ፣ ልጆቹ እርስ በርስ መተያየት ትተው የእርሱን ፊት ያነባሉ። ተራው ሲደርስ ብቻ ይናገር። ክቡን አንድ ቀን እንኳ ለወቀሳ ከተጠቀመበት ዓመቱን ሙሉ የሚናገርለት አያገኝም።

ቅሬ ሲሰበሰብም መዋጮ ከመቀበሉ በፊት ሩብ ሰዓት እንዲህ ቢቀመጥ ይቻላል፤ «ይህ ወር እንዴት ሆነላችሁ?» ብሎ አንድ ዙር ይበቃል። ለቅሶ ላይ ብቻ የሚገናኝ ሰው ጠብ ላይ ሲገናኝ የሚለው አያጣም፤ የሚያዳምጠው ግን ያጣል።

በየቀኑ፣ በአምስት ደቂቃ

ትልቁን ጉባኤ የሚያስቀረው ትንሹ ንግግር ነው። «አንተ ልጅ መቼም አትረባም» ከማለት «ሳስረዳ ስታወራ ሐሳቤ ይቋረጥብኛል፤ ይከፋኛልም። ልጨርስና ትጠይቀኛለህ» ማለት ይሻላል። ሦስት ነገር አለበት፦ የተሠራው ሥራ፣ በእኔ ላይ ያመጣው፣ የምፈልገው። ትልቅ ሰው ለልጅ «ከፋኝ» ማለቱ ክብር የሚያሳንስ የሚመስለው ብዙ ነው። እናቶች ግን «ሆዴን አታባባው» ሲሉ ልጁ ከስድብ ይልቅ እንደሚሰማቸው ማንም ያውቃል። ምስጋናም እንደዚሁ በሥራው ላይ ይቁም፤ «እደግ» ብቻ ሳይሆን «የወደቀውን ልጅ ስላነሳኸው እደግ»።

ሁለት ልጆች ተጋፍተው ከተጣሉ ሰው ከማያይበት ጥግ ውሰዷቸውና በተራ እነዚህን ጠይቁ፤ በወረቀት ጽፎ ኪስ ውስጥ መያዝ ነውር የለውም።

ላጠፋው፦
- ምን ተፈጠረ?
- ያኔ ምን እያሰብክ ነበር?
- ከዚያ ወዲህስ ምን አሰብክ?
- በዚህ ነገር ማን ተጎዳ? እንዴት?
- ለማስተካከል ምን ብታደርግ ይሻላል?

ለተጎዳው፦
- ሲደርስብህ ምን አሰብክ?
- ነገሩ አንተንና ቤተሰብህን እንዴት ነካ?
- ከሁሉ የከበደህ የቱ ነው?
- እንዲስተካከል ምን መሆን አለበት?

«ለምን አደረግከው?» የሚል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። «ለምን» ሲባል ሰው ጠበቃ ይሆናል፤ «እሱ ስለሰደበኝ»፣ «ሁሉም ስለሚያደርገው» ይላል፤ ነገሩም ወደ ኋላ እየሄደ አምና ላይ ይደርሳል። «ምን እያሰብክ ነበር?» ሲባል ግን ብዙው ቆም ይልና «ምንም አላሰብኩም» ይላል። ከዚያ መቀጠል ይቻላል።

ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ፦ ጉባኤው ከመቀመጡ በፊት

እንበል ቃሉ ውስጥ አንዱ ጎረቤት በሬዎቹን ሌሊት ሳያስር ቀርቶ የሌላውን ማሽላ አስበላ። ሲካሰሱ ስድብ ተጨመረበት፤ ሚስቶቹ ውሃ ሲቀዱ መነጋገር አቆሙ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተደባደቡ። ይህ አንድ ጉባኤ ይፈልጋል፤ ከጉባኤው ጊዜ ደግሞ ዝግጅቱ ይበልጣል። ያልተዘጋጀ ጉባኤ ከሚቀመጥ ባይቀመጥ ይሻላል።

አወያዩ ከሁለቱም ወገን ዝምድናም ብድርም የሌለበት ይሁን። ፈራጅ አይደለም፤ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ተራ ያስከብራል። ወገኖቹ በሃይማኖት ከተለያዩ፣ እንደ ልማዳችን አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ ሆነው ሁለት ሰዎች ይምሩት።

መጀመሪያ የሚነጋገረው ካጠፋው ጋር ነው፤ ለብቻው፣ በራሱ ቤት፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተበዳዩን ቀድሞ «ይቅርታ ሊጠይቅህ ነው» ብሎ ተስፋ ከሰጠ በኋላ ያኛው «እኔ የለሁበትም» ቢል፣ በደሉ ሁለት ይሆናል። ካጠፋው የሚፈለገው ዋናውን ነገር ማመኑ ነው፤ ሁሉንም ዝርዝር ማመን አይጠበቅበትም። «በሬዎቼ ገብተዋል፤ ግን ይህን ያህል አልበሉም» ካለ መቀመጥ ይቻላል። «በሬ የለኝም» ካለ ጉዳዩ የማስረጃ ነውና ለጉባኤ አይሆንም።

ቀጥሎ ወደ ተጎዳው ይሂዱ። ማድመጥ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያ ሦስት ጥያቄ፦ ልትመጣ ትፈልጋለህ? ማን አብሮህ ይምጣ? ምን ቢሆን ትረካለህ? «አልመጣም» ካለ መልሱ ይከበራል፤ ሽማግሌ ደርቦ አይላክበትም። ይህ ነጥብ ለእኛ ከባድ ነው። ሽማግሌ ደጅ ላይ ተንበርክኮ «ለአላህ ብለህ»፣ «ስለ ማርያም» ሲል እምቢ የሚል ሰው ከሰፈር ይወጣል፤ ስለዚህ ሰው አንገቱን ይሰጣል፣ ልቡን ግን አይሰጥም። ያጠፋው ድንጋይ ተሸክሞ መውደቁም፣ የሽማግሌው ልመናም የሚያምረው ተበዳዩ አስቀድሞ «ይህ ቢደረግልኝ እወዳለሁ» ሲል ነው። በድንገት ሲመጣበት ግን ማስገደጃ ነው።

የጉዳቱ ግምት ከጉባኤው በፊት ይሠራ። እርሻ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አገዳው ገና ቆሞ ሳለ ማሳውን አይተው በቁና ይገምቱ፤ ቆይቶ ከሆነ የሚለካ አይገኝም። ጉባኤው ላይ ስለ ቁና ክርክር ከተጀመረ ስለ ስድቡ የሚናገር አይኖርም፤ ያቆሰለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስድቡ ነው።

መቀመጡ

ስብሰባው ከ6 እስከ 14 ሰው ባለው ጥሩ ነው። የተጎዳው ከአወያዩ ቀጥሎ፣ መውጫው ቅርብ በሆነበት በኩል ይቀመጥ፤ አጠገቡ ደጋፊዎቹ። ያጠፋው በአወያዩ ሌላ ጎን ከቤተሰቡ ጋር። ሁለቱ ፊት ለፊት ቢተያዩም በጉልበት የሚደርሱበት ርቀት አይሁን። ሴቶቹ ጓዳ እንዳይቀሩ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ጠቡ የሚኖረው ውሃ መቅጃው ላይ ነው። ዱበርቲዎች (በጸሎትና በምርቃት የሚታወቁ እናቶች) ባሉበት መንደር አንዷን መጥራት ሴቶቹ እንዲናገሩ መንገድ ይከፍታል። ጫት ይዞ መቀመጥ በብዙ መንደር የተለመደ ነው፤ ከተቀመጡት አንዱ እንኳ የማይቅም ከሆነ ግን ይቅር።

ምርቃት ከተደረገ በኋላ አወያዩ ለምን እንደተሰበሰቡ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር፦ «የመጣነው ማን ጥሩ ማን መጥፎ እንደሆነ ልንፈርድ አይደለም። ያ ሌሊት ማንን እንዴት እንደነካና እንዴት እንደሚስተካከል ልንነጋገር ነው።»

ከዚያ ያጠፋው ይናገር። በሽምግልና ልማድ ከሳሽ ይቀድማል፤ እዚህ የተገለበጠበት ምክንያት አለ። ያጠፋው በራሱ አፍ «በሬዎቹን አላሰርኩም፣ ሰደብኩትም» ሲል ተበዳዩ የማስረዳት ሸክሙ ይወርድለታል፤ ሲናገር የሚናገረው ስለ ሕመሙ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ ተበዳዩ፣ ሦስተኛ የተበዳዩ ሰዎች፣ አራተኛ ያጠፋው ሰዎች። የመጨረሻዎቹ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይከብዳሉ፤ እናት «ልጄ ይህን በማድረጉ ቡና የምጠራው ጎረቤት አጣሁ» ስትል ከዳኛ ቃል ይልቅ ይሰማል። ከዚያ አወያዩ ወደ አጥፊው ተመልሶ «ይህን ሁሉ ሰምተህ የምትለው አለ?» ይበል፤ ይቅርታ የሚመጣ ከሆነ የሚመጣው እዚህ ነው። ካልመጣ አይለመንም።

ዝምታን አትፍሩ። አንድ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ዋናውን የሚናገሩት ብዙዎች ከዝምታው በኋላ ነው። ያጠፋው አንገቱን ቢደፋ «ዓይኔን እያየህ ተናገር» አትበሉት፤ በእኛ ዘንድ አንገት መድፋት አክብሮት ነው።

ሐፍረት አራት መልክ አለው፦ መሸሽ፣ ራስን መኮነን፣ ነገሩን ማቃለል፣ ሌላውን ማጥቃት። ሊወጣ የተነሳውን ዘመዱ አብሮት ወጥቶ በአምስት ደቂቃ ይመልሰው። «እኔ ሰው አይደለሁም» ለሚለው «ሥራህን ነው እንጂ አንተን አልጠላንም» በሉት። ለሚስቀውና ለሚያቃልለው ተበዳዩ የተናገረውን አንድ ነጥብ አንሱና «ይህን ስትሰማ ምን አልክ?» በሉት። ለሚጮኸው መልስ አትስጡ፤ ተራውን አስታውሱትና ጥያቄውን ቀስ ብላችሁ ድገሙት።

ስምምነቱ የሚጀምረው በተበዳዩ ነው፦ «ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ?» ከዚያ አጥፊው ይመልስ። ከአምስት ነጥብ አይብለጥ፤ እያንዳንዱ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ይኑረው። «ከእንግዲህ ይከባበሩ» የሚል ስምምነት ማንም ሊፈጽመው፣ ማንም ሊያፈርሰው አይችልም። «የተገመተውን ሦስት ቁና ማሽላ በታኅሣሥ አውድማ ላይ ይሰጣል፤ በረቱን እስከ መጪው እሑድ ያጥራል፤ ስለ ስድቡ በሰደበበት ቦታ ይቅርታ ይጠይቃል» ግን ይቆጠራል። ጽፉት፤ ማንበብ ለማይችል አንብቡለት፤ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ዋስ ከተፈለገ እዚያው ይጠራ።

ቡናው ከዚህ በኋላ ይፈላ። አብሮ መጠጣት በእኛ ዘንድ ታርቀናል ማለት ነው። ስለዚህ ገና በመግቢያው ሲኒ ቢቀርብ፣ ተበዳዩ ወይ ያልታረቀውን ታርቄያለሁ ይላል፣ ወይ ሲኒ የመለሰ ክፉ ሰው ይባላል።

የማይቀመጡበት ጉዳይ

አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ቤት ውስጥ የቀጠለ ዱላ፦ እነዚህ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሴቶች ጉዳይ ይሂዱ። የተፈራው ሰውና የፈራው ሰው አንድ ክብ ውስጥ ቢቀመጡ የሚናገረው የተፈራው ብቻ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያስመልጠው ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጋብቻው ከተጠያቂነት አያድንም ብሏል። «በሽምግልና ጨርሰናል» የሚል መንደር ልጅቷንም ራሱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ደም ያለበት ነገር የአበጋር፣ የሃይማኖት አባቶችና የፍርድ ቤት ነው፤ ክቡን ትናንት የተማረ ሰው አይግባበት። በእርቅ ደም ቢደርቅም፣ ጉማ (የደም ካሳ) ቢከፈልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን አይተውም። ሆኖም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና ጉዳትን መካስን ከቅጣት ማቅለያዎች ያስቆጥራል። በግል አቤቱታ ብቻ በሚታዩ ቀላል ጉዳዮች ላይ ስምምነቱ ነገሩን እዚያው ሊዘጋው ይችላል፤ ክስ ከተጀመረ የስምምነቱን ወረቀት ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ከተነሱ በኋላ

አወያዩ በሳምንቱ ሁለቱንም ለየብቻ ይጎብኝ፤ በወሩ ይድገመው፤ የመጨረሻው ቀጠሮ የስምምነቱ የመጨረሻ ቀን በሚውልበት ሳምንት ይሁን። ያልተፈጸመ ነጥብ ካለ ከመውቀስ በፊት ምን እንዳገደው ጠይቁ። ማሽላው አልደርስ ብሎት ከሆነ ተበዳዩን አስፈቅዶ ቀኑን ማራዘም ነው፤ ሆን ብሎ ከሆነ ዋሱን ጥሩ፤ ዋሱም ካልቻለ ተበዳዩ ወደ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገዱን ልቀቁለት። ጉባኤው ላይ የተባለው ሁሉ ከተቀመጡት ሰዎች አይውጣ፤ አወያዩ የያዘውን ማስታወሻ ይቅደደው፣ የተፈረመችው ወረቀት ብቻ በሁለት ቅጂ በሁለቱ ቤት ትቀመጥ። ሁለቱ ሴቶች ውሃ መቅጃው ላይ መነጋገር ጀምረው እንደሆነ የሚያውቁት ልጆቹ ናቸው፤ መምህሩን ጠይቁት።